በአህያ ተጭኖ የማይሄድ ገበያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ሐሙሲትን ሳያይ አያልፍም። ስሟ እንደሚናገረው ከተማዋ የሐሙስ ገበያ ልጅ ናት። በአገራችን እንዲህ ያሉ ከተሞች ጥቂት አይደሉም፤ ማክሰኝት ከማክሰኞ፣ አርብ ገበያ ከአርብ ስማቸውን ወስደዋል። እነዚህን ከተሞች ማንም ባለሥልጣን በአዋጅ አልቆረቆራቸውም። ሻጭና ገዢ በአንድ ቀን አንድ ሜዳ ላይ መገናኘት ለመዱ፣ ጠጅ ቤቱና ሱቁ ተከተለ፣ ከዚያ በኋላ ነው ማዘጋጃ ቤቱ የመጣው። ገበያው ከተማውን ፈጠረ እንጂ ከተማው ገበያውን አልፈጠረም።

ይህን ያነሳሁት ባለፈው ወደ ሐሙሲት በሄድኩ ጊዜ የገጠመኝን ለማውጋት ነው። የእህቴ ልጅ ከፎገራና ከደራ ገበሬዎች ሽንኩርትና ሩዝ እየሰበሰበ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ደንበኞች ይሸጣል። ደንበኞቹን የሚያገኘው በአንድ ማኅበራዊ መድረክ ላይ በከፈተው ገጽ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሲያሳድገው ኖሮ ከአሥር ሺህ በላይ ተከታይ አፍርቶ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ስልኩን ሲከፍት ገጹ የለም። «የማኅበረሰባችንን ደንብ ጥሰዋል» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ጠበቀው። የትኛውን ደንብ? በየትኛው ጽሑፍ? መልስ የለም። ይግባኝ የሚል ቁልፍ ተጫነ፤ ከሰዓታት በኋላ ያችው መስመር ተመልሳ መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል። የት ሄጄ ልክሰስ?» አለኝ።

ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ለዚህች አጭር ጥያቄ አጭር መልስ አልነበረኝም። አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ በዕድሜ የገፉ እህል ነጋዴ ነገሩን ሰሙና ልጁን ገሠጹት። «ገበያው ካስቸገረህ እህልህን በአህያህ ጭነህ ወደ ሌላ ገበያ ትሄዳለህ እንጂ ምን ያስለቅስሃል?» አሉት። ልጁም «አባቴ፣ የኔ እህል እኮ በአህያ አይጫንም» ሲል መለሰላቸው።

ውድ አንባብያን፣ ስለ ኢንተርኔት ኩባንያዎችና ስለ ተጠቃሚዎቻቸው ጠብ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን የዚያን ቀን ከሐሙሲት ገበያ የሰማሁትን ያህል ነገሩን አጥርቶ የገለጸልኝ አላገኘሁም። ተጠቃሚዎች በመድረክ ባለቤቶች ውሳኔ ላይ ያነሷቸው ተቃውሞዎች ለምን አንዳንዶቹ እንደሰመሩ፣ ለምንስ አብዛኞቹ እንደከሸፉ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ተቃዋሚው ጭኖት የሚሄደው ነገር አለው ወይ?

ውሉ ምን ይላል?

በቅድሚያ ከሕጉ እንነሳ። አንድ ሰው ማኅበራዊ መድረክ ላይ ሲመዘገብ «ተስማምቻለሁ» የሚል ቁልፍ ይጫናል። በዚያች ቅጽበት ውል ገብቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ እንደ ሕግ ይቆጠራል ይላል። ችግሩ ይህኛውን ውል የጻፈው አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ነው። ሌላው ወገን «ይህ አንቀጽ ይሻሻልልኝ» ማለት አይችልም፤ ወይ ይቀበላል ወይ ይተወዋል። በዚያ ላይ ኩባንያው ውሉን በፈለገ ጊዜ ለመለወጥ፣ አገልግሎቱንም ለማቋረጥ የሚያስችለውን አንቀጽ አስቀድሞ አስገብቷል። አለመግባባት ቢነሳ የሚዳኘው የት እንደሆነም ብዙ ጊዜ በዚያው ውል ተወስኗል፤ ፍርድ ቤቱም ከደራ ወረዳ እጅግ ይርቃል።

ስለዚህ በውሉ ዓይን ሲታይ ተጠቃሚው እንግዳ እንጂ ባለቤት አይደለም። በሌላ ዓይን ሲታይ ግን መድረኩን መድረክ ያደረገው እርሱ ነው። ጽሑፉን፣ ፎቶውን፣ ጨዋታውንና ጊዜውን ያፈሰሰው እርሱ ነው። ተጠቃሚ የሌለው ድረ ገጽ ሐሙስ ያልሆነ ቀን የሐሙሲት ሜዳ ማለት ነው። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ወረቀቱ ለኩባንያው፣ ላቡ ለተጠቃሚው!

የሬዲት አመፅ

ይህ ጠብ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ሬዲት የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ነው። ሬዲት በሺህ በሚቆጠሩ የውይይት ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱን ክፍል የሚያስተዳድሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኛ አወያዮች ናቸው። ስድብና ማጭበርበር የሚያጸዱት፣ ደንብ የሚያወጡት እነርሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ኩባንያው በአወያዮቹ ዘንድ የምትወደድ አንዲት ሠራተኛ ሲያሰናብት በመቶዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች በራቸውን ዘጉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የወቅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኤለን ፓኦ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። አወያዮቹም ጉልበታቸውን ያወቁ መሰላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ኩባንያው የውጭ ፕሮግራሞች መረጃ በሚስቡበት በር ላይ ዋጋ ጣለ። ብዙ ሰው ሬዲትን የሚያነብበት አፖሎ የተባለ የስልክ ፕሮግራም ነበር። ሠሪው በአዲሱ ዋጋ በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠየቅ አስልቶ አሳወቀ። ሰኔ 12 ቀን ከ8,000 በላይ ክፍሎች ለተቃውሞ ተዘጉ። በድረ ገጹ ታሪክ እንዲህ ያለ አድማ ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ውጤቱስ? ዋና ሥራ አስኪያጁ ስቲቭ ሃፍማን ማዕበሉ እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉ እንደሚያልፍ ለሠራተኞቻቸው ጻፉ። ክፍሎቻቸውን ዘግተው የቆዩ አወያዮች በሌሎች ሊተኩ እንደሚችሉ ተነገራቸው። አብዛኞቹ ተመልሰው ከፈቱ። አፖሎ በሰኔ ወር መጨረሻ ሥራውን አቆመ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አክሲዮኑን በኒውዮርክ ገበያ አቀረበ፤ ለተወሰኑ አወያዮችና ንቁ ተጠቃሚዎችም አክሲዮኑን በመነሻ ዋጋው እንዲገዙ ዕድል ሰጠ። ልብ በሉ! ለዓመታት በነፃ ለሠሩት ሰዎች የተሰጣቸው ገንዘባቸውን አውጥተው የመግዛት ዕድል ነው።

ለምን ተሸነፉ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ለእነርሱ ለምን አልሠራም? በእኔ እምነት አወያዮቹ በሩን መዝጋት ቢችሉም ዕቃውን ማውጣት አይችሉም ነበር። የዓመታት ጽሑፉ፣ የአባላቱ ዝርዝር፣ የክፍሉ ስም ሳይቀር በኩባንያው ግምጃ ቤት ነው። ቁልፉንም የሰጣቸው ኩባንያው ስለሆነ መልሶ መቀበል ይችላል።

ለሦስት መቶ ሚሊዮን ሰዎች የቀረበ ድምፅ

ከዚህም የሚያስገርም ታሪክ አለ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2009 የአገልግሎት ውሉን ለውጦ ከተጠቃሚዎቹ ከባድ ቁጣ ገጠመው። ለውጡን ሰረዘና አንድ አዲስ ነገር አመጣ፤ ከእንግዲህ በውሉ ላይ ሕዝቡ ድምፅ ይሰጣል አለ። ሕገ መንግሥት የመሰለ ነገር ነበር። ሆኖም በጥሩ ጠበቃ የተጻፈ አንድ ሁኔታ ተቀምጦበታል። ድምፁ ኩባንያውን የሚያስገድደው ከንቁ ተጠቃሚዎች 30 በመቶ የሚሆኑት ከተሳተፉ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ኩባንያው ይህንኑ የድምፅ መብት ለመሻር ሐሳብ አቀረበና በደንቡ መሠረት ድምፅ አሰጠ። ከ668,000 በላይ ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ከእነዚህ ውስጥ 589,141 ያህሉ፣ ማለትም 88 በመቶው መብታችን አይሻር አሉ። ግን በዚያን ጊዜ ፌስቡክ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው፤ ድምፁ አስገዳጅ እንዲሆን 300 ሚሊዮን ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ 88 በመቶ ተቃውሞት መብቱ ተሻረ። በምርጫ ሕግ ላይ ትምህርት ለሚሰጡ ጓደኞቼ ይህን ምሳሌ ሁልጊዜ አቀርብላቸዋለሁ። ምልዓተ ጉባኤውን የሚወስን ሰው ውጤቱንም ይወስናል።

ጭነው የሄዱት

ታዲያ ያሸነፈ የለም? አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውክፔዲያ ገና ሕፃን ሳለ በአንድ የግል ኩባንያ ሥር ነበር። ማስታወቂያ ሊገባበት ይችላል የሚል ወሬ ሲነሳ የስፓኝኛው ክፍል ጸሐፊዎች ተቆጡ። አድማ አልመቱም፤ የጻፉትን ሁሉ ገልብጠው ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ፣ የራሳቸውንም ነፃ ኢንሳይክሎፔዲያ መሠረቱ። ይህን ማድረግ የቻሉት ጽሑፉ የወጣበት ፈቃድ ማንም ሰው እንዲገለብጠውና እንዲያሳትመው ስለሚፈቅድ ነው። በዚያው ዓመት ውክፔዲያ የንግድ ድርጅት መጠሪያ የሆነውን «ኮም» ትቶ «ኦርግ» የሚለውን ያዘ፤ በኋላም በበጎ አድራጎት ድርጅት ሥር ሆነ። ማስታወቂያም እስከ ዛሬ የለበትም። እነዚያ ሰዎች አህያ ነበራቸው።

ሌላው የዋትስአፕ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ዋትስአፕ አዲስ የግል መረጃ ፖሊሲ ሲያስታውቅ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሲግናልና ወደ ቴሌግራም ጎረፉ። ቴሌግራም በ72 ሰዓት ውስጥ ብቻ 25 ሚሊዮን አዲስ ሰው እንደመጣለት አስታወቀ። ዋትስአፕም የመጨረሻውን ቀን ከየካቲት ወደ ግንቦት ለማዛወር ተገደደ። ፖሊሲውን አልሰረዘም፤ ቢሆንም ደነገጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዋትስአፕ የምናውቃቸው ሰዎች ስልክ ቁጥር በራሳችን ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ወደ ሌላው ገበያ ስንሄድ ዘመዶቻችንን ይዘን ነው የምንሄደው።

ወደ እኛ ስንመለስ

እስካሁን ያነሳሁት የባለጸጋ አገሮችን ጠብ ነው። እዚያ የጠፋው ገጽ፣ ፕሮግራም ወይም ድምፅ ነው። በእኛ በኩል ግን የጠፋው ሕይወት ነው።

መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርባ ስትመሰክር የኢትዮጵያን ስም ጠርታ ነበር። የኩባንያው አሠራር በአገራችን የብሔር ግጭትን እንደሚያባብስ ተናገረች። ወር ሳይሞላ ጥቅምት 24 ቀን ከሐሙሲት ብዙም በማትርቀው ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ከቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። እኒህ የትግራይ ተወላጅ መምህር ከመገደላቸው በፊት ስማቸውንና ፎቷቸውን የያዙ የውንጀላ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን ኋላ ባቀረበው አቤቱታ ገልጿል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በዚያ የጦርነት ዘመን በኩባንያዎቹ ላይ ያልጮኸ ወገን አልነበረም። አንዱ «ልጥፋችን ያለአግባብ ተነሳ» ሲል ሌላው «ሊነሳ የሚገባው አልተነሳም» ይላል። በጥቅምት መጨረሻ ትዊተር በኢትዮጵያ የወቅቱ መነጋገሪያ ርዕሶችን የሚያሳየውን ክፍል ሲዘጋም ቁጣው ብዙ ነበር። መንግሥትም በበኩሉ ከዚያ ቀደም በነሐሴ 2013 የራሳችንን መድረክ እንሠራለን ብሎ አስታውቋል። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ጩኸት የኩባንያዎቹን በር ያንኳኳው ጥቂቱ ነው። ለምን ቢሉ እኛ ለማስታወቂያ ገቢ የምናዋጣው ከቁጥር አይገባም፤ ብንወጣም አይጎድሉም። የማይጎዳ አድማ ደግሞ አድማ አይባልም።

እንግዲህ አህያ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? አብርሃም መዓረግ ወደ ዳኛ ሄደ። ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ፍስሐ ተክሌና ካቲባ ከተባለው የኬንያ የሕግ ተቋም ጋር በመሆን የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ለተጎጂዎች ከ200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ ፈንድ እንዲቋቋም፣ ጥላቻን የሚያስፋፋው አልጎሪዝም እንዲለወጥና በአፍሪካ ቋንቋዎች የሚሠሩ ይዘት ተቆጣጣሪዎች ቁጥር እንዲጨምር ጠየቁ።

ለምን ናይሮቢ? የእኛን ቋንቋዎች የሚመለከቱት ይዘት ተቆጣጣሪዎች የነበሩት እዚያ ነውና። የኢትዮጵያ ልጆች የሚገኙባቸው እነዚህ ሠራተኞች ሳማ በተባለ ኮንትራክተር ተቀጥረው ቀኑን ሙሉ የግድያና የጭካኔ ምስል ሲያዩ ይውሉ ነበር። እነርሱም ራሳቸው ተቃውመዋል። ዳንኤል ሞታውንግ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ክስ መሠረተ። ሳማ ሥራውን ሊያቆም ሲል በመጋቢት 2015 ከሥራ የተቀነሱት ተከተሉ፤ ቁጥራቸውም 184 ደረሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 23፣ በሠራተኞች ቀን፣ ከ150 በላይ የሚሆኑ ይዘት ተቆጣጣሪዎች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሰጡ።

የሜታ ዋና መከራከሪያ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነበር፤ እኔ የኬንያ ነዋሪ አይደለሁም፣ የኬንያ ፍርድ ቤትም አይዳኘኝም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሠራተኞቹ ጉዳይ ሜታ ሊከሰስ ይችላል አለ። መጋቢት 25 ቀን 2017 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የነአብርሃምን ክስ የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ይህ ፍርድ ማንንም ጥፋተኛ አላለም። የሕግ ሰው ግን ትርጉሙን ያውቀዋል፤ «የት ልክሰስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘ ማለት ነው። ያም መልስ የተገኘው በጎረቤት አገር ነው።

ምን እንጠይቅ?

የእኛ ሕግስ የት ነው ያለው? የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ መድረኮች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የተከለከለውን ይዘት እንዲያነሱ ያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ነገር ግን ያለአግባብ የተዘጋበት ሰው ምን ያድርግ ለሚለው አጥጋቢ መልስ አላየሁም። በሌላ በኩል መንግሥት ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክን፣ ቴሌግራምን፣ ቲክቶክንና ዩቲዩብን አግዶ እንደነበር አንዘነጋም። ገበያውን በሙሉ መዝጋት ነጋዴውን ከገበያ ሹሙ በደል ማዳን አይደለም።

በእኔ አስተያየት ልንጠይቅ የሚገባን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገጽ ሲዘጋ ምክንያቱ በሚገባን ቋንቋ እንዲነገረንና ይግባኙን ሰው እንዲያየው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ በዋለው የዲጂታል አገልግሎት ሕጉ ምክንያት መስጠትንና የቅሬታ ሥርዓትን ግዴታ አድርጓል። ሁለተኛ፣ ያፈራነውን ይዘን የመሄድ መብት። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለዜጎቹ ይህን መብት ሰጥቷል። ሦስተኛ፣ በአገራችን ሰው የሚሰበስቡ ኩባንያዎች መጥሪያ የሚቀበል ወኪል በአገራችን እንዲኖራቸው። ይህን አዲስ አበባ ብቻዋን ብትጠይቅ ላይሰማ ይችላል፤ የአፍሪካ አገሮች አብረው ቢጠይቁ ግን አህጉሩን በሙሉ ጥሎ የሚወጣ ኩባንያ ያለ አይመስለኝም።

ከሐሙሲት በተመለስኩ በሦስተኛው ወር የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ገጹ አልተመለሰም። በሌላ መድረክ አዲስ ከፍቷል፤ የቀድሞዎቹ ደንበኞቹ ግን የት እንዳሉ አያውቅም። አሁን ማንም ሰው ሽንኩርት ሲያዘው በመጀመሪያ የሚያደርገው ስሙንና ስልክ ቁጥሩን በደብተር መጻፍ ነው። «ጋሼ፣ ደብተሩ ሁለት መቶ ስም ይዟል» አለኝ። ከአሥር ሺሁ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ነገር ግን የእርሱ ነው፤ አህያም አይከብደውም።

ቸር እንሰንብት።